መካከሉን የሚሞላው ማን ነው? ስለ ድረ ገጽ ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ስለ ጊዜ ቆጣቢ መሣሪያዎቹ የቀረበ ሒስ

1. የጽሑፉ ዓላማ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ለድረ ገጽ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ማለት በተለምዶ አኒሜሽን የምንለው፣ በምን ዐይነት መሣሪያ እንደሚሠራና መሣሪያው ለሠሪው ጊዜ ሲቆጥብለት በምትኩ ምን እንደሚወስድበት ነው። በተለይ የምናተኩረው ተመልካቹ ጣቱን ሲያሳርፍበት መልስ በሚሰጠው ዐይነት ላይ ነው። ይህ ዐይነቱ ሥራ በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች በኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ዘንድ እየተለመደ የሄደ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚመረጠው ርእስ ለሕፃናት የሚሆን የፊደል መማሪያ ነው። ሕፃን የሚማርበት ነገር ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ በገጹ ላይ አይቀርም፤ ወደ ሕፃኑ እጅ ይገባል። ጉዳዩ ሒስ ይገባዋል የምንለውም ስለዚህ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ማንኛውም ተንቀሳቃሽ ሥዕል መነሻና መድረሻ አለው፤ በሁለቱም መካከል የሚሞላ ስፍራ አለ። ጊዜ ቆጣቢ መሣሪያ የሚባለው በመሠረቱ ይህን መካከል ለሠሪው የሚሞላ መሣሪያ ነው። እንግዲህ ሥራውን ስንመዝን አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ መካከሉን ማን ሞላው የሚለው ነው፤ መሣሪያው ነው ወይስ ሠሪው ወይስ ተመልካቹ? ሦስቱም በየቦታቸው ተገቢ ሊሆኑ ይችላሉ። ጉዳት የሚመጣው አንዱ የሌላውን ቦታ ሲይዝ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

2. መሣሪያው ከየት መጣ

ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል በ1908 ፋንታስማጎሪ የተባለውን አጭር ፊልም ሲሠራ ሰባት መቶ ያህል ሥዕሎችን በእጁ ሥሏል። በኋላ የፊልም ፍጥነት በአንድ ሰኮንድ 24 ሥዕል ሆኖ ሲጸና፣ የአንድ ደቂቃ ፊልም 1,440 ሥዕሎችን የሚጠይቅ ሆነ፤ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያነሡ ቢቆጥቡ እንኳ 720 ነው። ይህን ድካም ለማቃለል በትልልቆቹ የፊልም ቤቶች ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ፣ ማለት ዋና ዋናዎቹን ሥዕሎች ብቻ ይሥላል፤ በመካከል የሚገቡትን ደግሞ ረዳቶቹ ይሞላሉ። ረዳቶቹ ግን የመምህራቸውን ሐሳብ የሚያውቁ፣ እጃቸውም ዓይናቸውም የሠለጠነ ሰዎች ነበሩ።

በ1996 ፊውቸርስፕላሽ በሚል ስም የወጣውና ወዲያው በማክሮሚዲያ ኩባንያ ተገዝቶ ፍላሽ የተባለው ሶፍትዌር የረዳቶቹን ስፍራ ለማሽን ሰጠ። ሠሪው ሁለት ዋና ሥዕል ብቻ ያስቀምጣል፤ ትዊን የተባለው ትእዛዝ መካከሉን ይሞላዋል። አንድ ጊዜ የተሣለ ቅርጽ በመዝገብ ተቀምጦ መቶ ጊዜ ሊጠራ ይችላል። ጥላውን፣ ብዥታውንና ብልጭታውን መሣሪያው አዘጋጅቶ ይሰጣል። አንድ ሰው በጠረጴዛው ላይ ሆኖ የአንድ ፊልም ቤት ሥራ እንዲሠራ ያስቻለው ይህ ነው፤ ስለዚህም ፍላሽ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። አዶቤ በ2005 ማክሮሚዲያን ገዛው፤ በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ድጋፉን አቆመ፤ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮ ማጫወቻው ራሱ ሥራዎቹን መክፈት እንቢ አለ። በአንድ ኩባንያ መሣሪያ ብቻ የተሠራ ሥራ ዕድሜው የመሣሪያው ዕድሜ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ድረ ገጽ መክፈቻው ራሱ ተላልፏል። ሥዕሉ ኤስ ቪ ጂ በሚባለው የመስመር አጻጻፍ ይገለጻል፤ እንቅስቃሴው በሲ ኤስ ኤስ ወይም በጃቫስክሪፕት ይታዘዛል፤ እንደ ጂ ሳፕና እንደ ሎቲ ያሉ ዝግጁ ስብስቦችም ሥራውን ያቀልላሉ። ስሙ ቢለወጥም ጠባዩ ያው ነው፤ ሠሪው ሁለት ጫፍ ይሰጣል፤ መሣሪያው መካከሉን ይሰጣል።

3. ሚዛን የሚሆን ሥራ በጣና ገዳማት

መሣሪያን ለመመዘን ሌላ ሥራ በሚዛንነት ያስፈልጋል። እርሱንም ከሩቅ አገር ማምጣት አያሻንም። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ባሉት በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም፣ እንዲሁም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በደቅ ደሴት ባሠሯት በናርጋ ሥላሴ፣ መቅደሱ በክቡ ቤተ ክርስቲያን መካከል አራት ግድግዳ ይዞ ቆሟል፤ ግድግዳዎቹም በሥዕል ተሸፍነዋል። እነዚህ ሥዕሎች ስለ ቅድስናቸውና ስለ ውበታቸው ብዙ ተብሎላቸዋል። እኛ እዚህ የምንመለከታቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የሚተርኩ፣ ተመልካቹንም የሚያንቀሳቅሱ ሥራዎች በመሆናቸው ነው።

የጣና ሠዓሊዎች ጊዜ ቆጣቢ መሣሪያ አልነበራቸውም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ይህም ለቀለሙ ለስላሳ ገጽ ሰጥቶ ከሻካራው ግድግዳ ጋር ከመታገል ያድናል። ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይኑ ይሣላል፤ ይህ ደንብ ለሠዓሊው ማሰቢያ ጊዜ ይቆጥብለታል፤ ለተመልካቹም ማንነቱን በአንድ አፍታ ይነግረዋል። የሠራዊት ብዛት ሲያስፈልግ አንዱ ራስ ከሌላው ኋላ እየተደረበ ይደጋገማል፤ ይህም በፍላሽ መዝገብ አንድን ቅርጽ መቶ ጊዜ ከመጥራት ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ድግግሞሽም ሆነ ዝግጁ ደንብ በራሱ ነውር አይደለም።

ልዩነቱ በመካከሉ አያያዝ ላይ ነው። በተአምረ ማርያም የሚነገረውን የበላዔ ሰብን ታሪክ እንመልከት። ይህ ሰው በሥዕሉ ላይ ደጋግሞ ይታያል፤ ሲገድል፣ ለተጠማው ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ፣ በመጨረሻም ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን። በአንዱና በሌላው መካከል ምንም አልተሣለም። ሰውዬው ውሃውን ከመስጠቱ በፊት ምን አሰበ? ሠዓሊው ይህን ለተመልካቹ ትቶለታል፤ ተመልካቹም ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ዓይኑን ሲያሻግር በራሱ ልብ ይሞላዋል። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚያደርሰውም የራሱ እግር ነው። በበሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙ የመላእክት አለቆች ቆመዋል፤ በሩ ሲከፈት ሥዕሉም አብሮ ይከፈታል። ንክኪ የሚመልስ ሥዕል ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ከጣና ግድግዳ የምናገኘው ሚዛን ይህ ነው። ሠዓሊው በጨርቁ፣ በደንቡና በድግግሞሹ እጁን አሳርፏል። የትኛው ጊዜ እንደሚሣልና የትኛው እንደሚታለፍ ግን ራሱ ፈርዷል፤ ለተመልካቹ የሚገባውንም ድርሻ አልነካበትም። አሁን በዚህ ሚዛን የዛሬዎቹን መሣሪያዎች በሦስት ምሳሌ እንመዝን፤ ምሳሌዎቹም ታንኳ፣ ፊደልና የሕፃን ጣት ናቸው።

4. ታንኳና አንድ ዐይነት አካሄድ

በሲ ኤስ ኤስ አንድ ነገር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እንዲሸጋገር ሲታዘዝ ሠሪው ስለ ፍጥነቱ ምንም ካልተናገረ መሣሪያው ዝም አይልም። አስቀድሞ የተወሰነለትን አካሄድ ይሰጠዋል፤ ፈጠን ብሎ ይነሣል፤ ወደ መጨረሻው ቀስ እያለ ይቆማል። ይህ አካሄድ ለብዙ ነገር የሚስማማ ሆኖ የተመረጠ ነው። ነገር ግን ማንም ሳይነካው ስለሚቀር፣ በየድረ ገጹ በሩም፣ ወፉም፣ ኳሱም፣ ደመናውም በአንድ እግር የሚሄዱ ሆነዋል።

ይህ በጣና ታንኳ ላይ ሲደርስ ስሕተቱ ግልጽ ይሆናል። የደንገል ታንኳ በቀዘፋ ነው የሚሄደው። ቀዛፊው በሸምበቆው ውሃውን በገፋ ቁጥር ታንኳው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ወዲያው ውሃው ይይዘውና ፍጥነቱ ይበርዳል፤ ሊቆም ሲል ሁለተኛው ግፊት ይደርስለታል። ቀዘፋው በግራ ሲሆን አፍንጫው ጥቂት ወደ ቀኝ፣ በቀኝ ሲሆን ጥቂት ወደ ግራ ያዘነብላል። እንግዲህ ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር ያለው ጉዞ አንድ እንቅስቃሴ አይደለም፤ ብዙ ትንንሽ እንቅስቃሴዎች የተቀጣጠሉበት ነው። ሠሪው ግን ሁለት ጫፍ ብቻ ሰጥቶ መካከሉን ለመሣሪያው ሲተውለት፣ ታንኳው ከዳር እስከ ዳር ሳይነቃነቅ ተንሸራትቶ ይደርሳል። ሥዕሉ ታንኳ ነው፤ አካሄዱ ግን የሞተር ጀልባ ነው። በላዩ የተሣለው ቀዛፊም በከንቱ እጁን ሲያወዛውዝ ይታያል።

ስሕተቱን ማረም ብዙ ድካም የለውም። ጉዞውን በየቀዘፋው ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል በኃይል ተነሥቶ ቀስ ብሎ የሚበርድ ፍጥነት መስጠትና አንዱን ቀዘፋ ሠርቶ እርሱኑ መደጋገም ይበቃል። መሣሪያው አሁንም ጊዜ ይቆጥባል፤ የአንዱን ቀዘፋ አካሄድ ግን ያየው የሠሪው ዓይን ነው። የውሃ ማዕበል ኢፌክትም እንደዚሁ ነው። ጠዋት ጸጥ ብሎ የሚውለውና ከሰዓት በኋላ በነፋስ የሚናወጸው ሐይቅ በአንድ ዝግጁ ማዕበል ሊገለጽ አይችልም፤ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጉታል። ይህን የሚያውቀው ሐይቁን ያየ ሰው ነው።

5. ፊደልና የብርዕ መንገድ

ታንኳው ቢሳሳት የሚጎዳው የሥዕሉ እውነት ብቻ ነው ይባል ይሆናል። በፊደል ላይ የሚደረገው ስሕተት ግን ወደ ሕፃኑ እጅ የሚተላለፍ ነውና ሰፋ አድርገን ልንመለከተው ይገባል።

ፊደል በሕፃኑ ፊት እየተጻፈ እንዲታይ የሚያደርግ የታወቀ ኢፌክት አለ። ብልሃቱ ቀላል ነው። አንድ መስመር በርዝመቱ ልክ በሆነ ክፍተት እንዲሸፈን ይደረጋል፤ ክፍተቱ ቀስ በቀስ ሲገፋ መስመሩ ገና የሚጻፍ ይመስላል። ለላቲን ፊደል የተዘጋጁ ብዙ ማስተማሪያዎች ይህን ያሳያሉ፤ ተማሪውም የላቲኑን ፊደል አውጥቶ የእኛን ሲተካበት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ነገር ግን በኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠው የፊደል ቅርጽ የብርዕ መንገድ አይደለም፤ የቀለሙ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ኢፌክቱ በለ ላይ ሲሠራ መስመሩ በአንደኛው እግር ውጭ ወርዶ፣ ከታች ዞሮ፣ በዚያው እግር ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም በሁለተኛው እግር እንደገና ይወርዳል። የፊደሉን ዙሪያ በክር የሚሰፋ ይመስላል። ለጌጥ ከሆነ ያምራል። ፊደል የሚማር ሕፃን ሲያየው ግን ለ የሚጻፈው ጠርዙን በመዞር ነው ብሎ ያምናል፤ በደብተሩም ላይ እንዲሁ ለማድረግ ይጣጣራል። ብርዕ የያዘ እጅ እግሩን ከላይ ወደ ታች በአንድ ምት እንደሚያወርደው ማንም አላሳየውም። መካከሉን የሞላው የብርዕን ሥራ ከቶ የማያውቅ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ኢፌክት አንዱን ፊደል ወደ ሌላው እያቀለጠ የሚለውጠው ነው። ሰ ቀልጦ ሱ ሲሆን ችግሩ ያን ያህል አይታይም፤ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ አንድ ቅጥያ ብቅ ይላል። ሰ ቀልጦ ስ ሲሆን ግን መሣሪያው በመካከል የሚያሳያቸው ቅርጾች በየትኛውም ገበታ የሌሉ፣ ፊደል ያልሆኑ ናቸው። ገና ሰን ከስ መለየት ያልቻለ ሕፃን እነዚህን ሦስተኛና አራተኛ ቅርጾች ማየት አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ችግር ከአቀማመጡ የሚመጣ ነው። ፊደላችን በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ሲያገኝ፣ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሉ አንድ ቁጥር ነው እንጂ ለና አንድ ቅጥያ አይደለም። በሕንዱ በዴቫናጋሪ ጽሕፈት ግን የአናባቢው ምልክት ለብቻው ቁጥር አለው። የእኛው አቀማመጥ ለጽሕፈት ምቹ ነው፤ ከፊደሉ ጠባይም ጋር ይስማማል። ነገር ግን የካዕቡን ቅጥያ ብቻ ቀይ አድርጎ ለሕፃኑ ለማሳየት የሚፈልግ ሠሪ በሲ ኤስ ኤስ ትእዛዝ ሊያገኘው አይችልም፤ ለመሣሪያው ሉ የማይከፈል አንድ ነገር ነውና። ሠሪው ሆሄውን በኤስ ቪ ጂ ከፋፍሎ በእጁ መሥራት አለበት።

እንግዲህ ሁሉን በእጅ እንሥራ ማለታችን ነውን? አይደለም። እዚህ ላይ የፊደሉን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ጊዜውን የት ሊቆጥብ እንደሚችል ማየት ይቻላል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ሆሄያት ይሆናሉ። ከነዚህ ውስጥ ካዕቡ፣ ሣልሱና ኃምሱ በአብዛኛው ደንብ አላቸው። ሉ፣ ቡና ሱ በቀኝ እግራቸው ወገብ ላይ ቅጥያ ይይዛሉ፤ ሊ፣ ቢና ሲ ቅጥያውን ወደ እግራቸው ግርጌ ያወርዱታል፤ ሌ፣ ቤና ሴ በዚያው ግርጌ ቀለበት ይሠራሉ። ስለዚህ ግእዙ አንድ ጊዜ በደንብ ከተሠራ፣ ሦስቱን ቅጥያዎች በመዝገብ አስቀምጦ መሣሪያው እንዲያገጣጥማቸው ማዘዝ ተገቢ ነው። እንደ ረና እንደ ፈ ያሉት የራሳቸው አካሄድ ስላላቸው በኋላ በእጅ ይታረማሉ።

ራብዑ፣ ሳድሱና ሳብዑ ግን ለዚህ አይገዙም። ላ፣ ባና ሳ ቀኝ እግራቸውን አስረዝመው ግራውን ያሳጥራሉ፤ ቃ፣ ታና ና ግን አንድ እግር ብቻ ስላላቸው ያንኑ ያጣምማሉ። ሳብዑ ደግሞ በሎና በቆ ቀለበት ከላይ ሲይዝ በቦና በሶ ግራ እግሩን ያስረዝማል። ሳድሱ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ልን፣ ምን፣ ስንና ንን ብናስተያይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ አንድ ደንብ አይገኝም። ሒሳቡን ብናወጣ ከ231 ሆሄያት 99ኙን መሣሪያው ሊያገጣጥም ይችላል፤ 33ቱ ግእዞችና የቀሩት 99ኙ፣ በድምሩ 132ቱ፣ የሰው እጅ ይፈልጋሉ። የሠሪው ድካም በግማሽ ሊጠጋ እየቀነሰ ከደንቡ የሚወጡት ሆሄያት በደንቡ ምክንያት አይበላሹም። ጊዜ ቆጣቢ መሣሪያን በቦታው ማዋል የምንለው ይህን ነው።

የአሠራሩም መንገድ የታወቀ ነው። የፊደሉ ሙሉ ቅርጽ ከነውፍረቱና ከነቅጥነቱ ከታች ይቀመጣል፤ በላዩ ብርዕ የሚሄድበት የመካከል መስመር በእጅ ይሠመራል፤ ኢፌክቱ የሚሠራው በዚህ መስመር ላይ ነው፤ መስመሩም በሄደበት ቦታ ሁሉ የታችኛውን ቅርጽ ይገልጣል። ቀድሞ የብራና ጸሓፊ በወስፌ ወግቶ መስመሩን ሳያሰምር መጻፍ እንደማይጀምር ሁሉ፣ እዚህም የማይታየው መስመር ከሚታየው ሥራ ይቀድማል። ወስፌው ጊዜ ቆጣቢ መሣሪያ ነበር፤ ጽሕፈቱን ግን አልጻፈም።

6. የሕፃኑ ጣትና ያለ ፍርድ የሚሰጥ ምስጋና

አሁን ወደ ንክኪው እንመጣለን። በንክኪ የሚመልስ ገጽ መካከሉ የተመልካቹ የሆነ ሥራ ነው፤ ገጹ ይጠይቃል፤ ሕፃኑ ይሞክራል፤ ገጹ ይመልሳል። የመካከሉ ሙከራ የሕፃኑ ካልሆነ ሥራው ከፊልም የሚለይበት ነገር የለም።

በዚህ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ጉድለት የሽልማት ኢፌክት አበዛዝ ነው። ሕፃኑ ገጹን በነካ ቁጥር ኮከብ ይበተናል፤ ጭብጨባ ይሰማል፤ ፊደሉ ይዘላል። እነዚህ ብልጭታዎች በዝግጁ ስብስብ ስለሚገኙ በአንድ ትእዛዝ ይገባሉ፤ የሕፃኑ ጣት በትክክለኛው መንገድ መሄዱን መመርመር ግን የራሱ ሥራ አለው። ስለዚህ ቀላሉ ይሠራል፤ ከባዱ ይቀራል። ሕፃኑ ጣቱን ከታች ወደ ላይ ቢስብም፣ ጭራሹን ሌላ ቦታ ቢነካም ይመሰገናል። ሳያይ የሚያመሰግን መምህር ተማሪውን እንደማይወድ ሁሉ፣ ሳይመረምር ኮከብ የሚበትን ገጽም ለሕፃኑ አላሰበለትም።

የቄስ ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ የሚያስደንቅ ብልሃት ነበረው። ሕፃኑ ገበታውን ይዞ በስንጥር እየጠቆመ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ ይቆጥራል። ቅደም ተከተሉ እንደ ዜማ ስለሚያዝ ዓይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ አፉ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህም ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። አቡጊዳ ፊደሉን በሌላ ቅደም ተከተል ስለሚያስቆጥር ሕፃኑ ቅርጹን ማየት ግድ ይሆንበታል። ያለ አንዳች ብልጭታ፣ ቅደም ተከተልን በመለወጥ ብቻ፣ ቃልን ከዓይን የሚለይ ፈተና ሆነ። የድረ ገጽ ሠሪ ይህን ሊወስድ ቢፈልግ ፊደላቱን ማሰባጠር አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት። ከኮከቡ ያነሰ ጊዜ ትፈጃለች፤ ጥቅሟ ግን ከኮከቡ እጅግ ይበልጣል።

7. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

አንዳንዶች እንዲህ ሊሉን ይችላሉ፤ ተማሪው ጊዜ የለውም፤ የመመረቂያ ሥራውን በጥቂት ወራት ማስረከብ አለበት፤ መብራትና መስመር ይቋረጣሉ፤ ዝግጁ ነገር ካልተጠቀመ ምንም አይሠራም። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት፤ ልናልፈው አንፈልግም። ነገር ግን የተገኘው ጊዜ ምን ላይ ይዋል የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። የድህነት ሥራ ሁሉ የግድ ደካማ እንዳልሆነም ምስክር አለን። በ2005 በብሩክታዊት ጥጋቡና በሼን ኤትዘንሃውዘር የተቋቋመው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ፀሐይ መማር ትወዳለችን ሲጀምር ዋና ተዋናዩ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ነበረች። ካልሲው ጊዜና ገንዘብ ቆጥቧል፤ ቀጭኔዋ መቼ ዝም እንደምትልና መቼ ወደ ሕፃናቱ እንደምትዞር የፈረደው ግን በውስጡ ያለው የሰው እጅ ነው። መሣሪያው ርካሽ ሆኖ ሳለ መካከሉ በሰው የተሞላ ነበር።

መስመር ይቋረጣል የሚለውም ክርክራችንን የሚያጠናክር ነው። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ከሩቅ መዝገብ በየጊዜው እየተጠራ የሚመጣ ኢፌክት ሁሉ ከንቱ ነበር። ለአንድ ሆሄ የሚሆነው የብርዕ መንገድ በኤስ ቪ ጂ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ከሁለት ኪሎባይት አይበልጥም፤ 231ዱ ሁሉ ቢደመሩ ግማሽ ሜጋባይት አይሞሉም። አንድ ጊዜ በስልክ ከወረደ በኋላ ያለ መስመር ሊሠራ ይችላል፤ ከእጅ ወደ እጅም በቀላሉ ይተላለፋል። በጥንቃቄ የተሠራው ሥራ ከዝግጁው ይልቅ የቀለለ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

8. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ያልነውን ሰብስበን ስናየው፣ በድረ ገጽ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ላይ ሒስ የሚሰጥ ሰው ብልጭታውን ከመቁጠሩ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፣ የእንቅስቃሴው አካሄድ የታየ ነው ወይስ መሣሪያው የሰጠው? ሁለተኛ፣ ፊደል ካለበት የተከተለው የብርዕን መንገድ ነው ወይስ የቀለሙን ጠርዝ? ሦስተኛ፣ ተመልካቹ ሲነካው የሚያገኘው መልስ ሙከራውን የመረመረ ነው ወይስ እንዲያው የተሰጠ?

በተጨማሪ ለዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች አንድ ሥራ እናመለክታለን። እያንዳንዱ ተማሪ በየዓመቱ ያንኑ ፊደል እንደ አዲስ ከሚጀምር፣ 132ቱን በእጅ የሚሠሩ የብርዕ መንገዶችና ሦስቱን ቅጥያዎች አንድ ጊዜ በጋራ ሠርቶ ለሁሉ ክፍት ማድረግ ይቻላል። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ቢከፋፈሉት ለእያንዳንዱ አሥራ አንድ ሆሄ ይደርሰዋል። ጽሕፈት የሚያውቅ አንድ መምህር ቢያርመው ደግሞ ሥራው የታመነ ይሆናል። አጻጻፉ የማንም ኩባንያ ንብረት ባልሆነ በኤስ ቪ ጂ ስለሚሆን፣ በፍላሽ ላይ የደረሰው ዕጣ አይደርስበትም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የሚቆጥበው ጊዜ በእውነት የተቆጠበ ይሆናል፤ ያንንም ጊዜ ታንኳውን ለማየት፣ የሕፃኑን ጣት ለመከተል ሊያውለው ይችላል።